88.5 ሬዲዮ፦ እንግሊዝኛው አፌ ላይ አልመጣ ላላችሁ

ሰላም ለሁላችሁም። እህታችን ትናንት "አሜሪካ ከመጣሁ 8 ወር ሆነኝ፣ የሚሉት እየገባኝ ነው ግን በአክሰንቴ አፍሬ አፌን አልከፍትም፣ ምን ላድርግ" ብላ ለጠየቀችው ብዙ ሰው ኢኤስኤል ክላስ (ለስደተኛ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) ግቢ፣ ዩቲዩብ እይ ብሏታል፣ እሱም ጥሩ ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ሬዲዮ ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ዋሽንግተን ዲሲ መጥቼ ታክሲ ስጀምር ኤርፖርት ሰልፍ ላይ የማገኛቸው አንድ ጋሼ ነበሩ፣ መኪናቸው ውስጥ ሁሌ ሰው ያወራል፣ ዘፈን የለ፣ የመኪና መሸጫ ማስታወቂያ የለ፣ ዝም ብሎ ወሬ። አንድ ቀን በመስኮት ጎንበስ ብለው የኔን ሬዲዮ 88.5 ላይ አደረጉና ጣቢያ የሚያስቀምጠውን ቁልፍ፣ ቁጥር 1ን፣ በጣታቸው ጢጥ እስኪል ይዘው ቆዩ። "ይሄን እንዳትነካው፣ ሰው ሲሳፈር ድምፁን ቀንሰው እንጂ አትቀይረው" አሉኝ። አልቀየርኩትም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሚሉት ግማሹ አይገባኝም ነበር፣ ግን ያው ዜና በየሰዓቱ ይደጋገማል አይደል፣ ጠዋት ያመለጠኝን ቃል ከሰዓት እይዘዋለሁ፣ ማታ ደግሞ ትርጉሙን ቤት አየዋለሁ።

ጣቢያው ደብሊው ኤ ኤም ዩ ይባላል፣ ባለቤቱ እዚሁ ዲሲ ያለው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1951 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው) ሲጀመር የተማሪዎች ነገር ነበር፣ ድምፁ በግቢው የኤሌክትሪክ መስመር እየሄደ ከካምፓሱ አይወጣም፣ ኤፍኤም ሆኖ ከተማው የሰማው በ1961 ነው። በነገራችን ላይ ሬዲዮናችሁ ላይ ከ88 እስከ 92 ያለው ቦታ ንግድ ላልሆኑ ጣቢያዎች የተተወ ነው፣ ለዛ ነው የዩኒቨርሲቲውም የሃይማኖቱም ጣቢያ እዛ አካባቢ የሚበዛው። ከዛ በ1967 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፐብሊክ ብሮድካስቲንግ (ንግድ ያልሆነ የህዝብ ሬዲዮና ቲቪ) ህጉን ፈረመ፣ በ1970 ኤንፒአር የሚባለው የመላ አገሪቱ የህዝብ ሬዲዮ ድርጅት ተቋቋመ፣ ይሄ ጣቢያም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆነ። ብዙ ሰው ኤንፒአርና 88.5 አንድ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ኤንፒአር ፕሮግራም ሰርቶ ለየከተማው ጣቢያ ያቀርባል፣ የዲሲን ጉዳይ የሚሰራው ግን ራሱ ጣቢያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳውቅ ደነቀኝ። ይሄ የወሬ ጣቢያ ብዙ ዘመን የሚታወቀው በብሉግራስ ሙዚቃ ነበር፣ ከ1967 ጀምሮ። ብሉግራስ የአፓላችያ ተራራ ሰዎች ዘፈን ነው፣ ፊድሉ (ቫዮሊኑ) በደጋን ሲገዘገዝ ማሲንቆ ነው የሚያስታውሰኝ። እና ለምን ዲሲ? ከቨርጂኒያና ከዌስት ቨርጂኒያ ገጠር ስራ ፍለጋ ብዙ ሰው እዚህ ገብቶ ነበር፣ አገሩን በሬዲዮ ይሰማ ነበር። እኛ እሁድ ጠዋት የአማርኛ ሬዲዮ እንደምንፈልገው ማለት ነው። በ2001 ጣቢያው የስራ ቀኑን ሙዚቃ አንስቶ ዜና ሲያደርገው አድማጩ በጣም ነበር የተቆጣው፣ እኔም ብሆን እቆጣለሁ፣ የናፍቆት ነገር ነው።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ ልምጣ፣ ስለ ድምፅ ማለቴ ነው። ኤድ ዎከር የሚባል ሰው ነበር፣ ሲወለድ ጀምሮ አይነ ስውር፣ ያኔ የተማሪዎቹን ሬዲዮ ካቋቋሙት አንዱ እሱ ነው። በኋላ በሌላ ጣቢያ ትልቅ ስም አወጣ፣ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ እሁድ ማታ የድሮ የሬዲዮ ድራማዎችን ያቀርብ ነበር። በ2015 ታሞ የመጨረሻውን ፕሮግራም ከሆስፒታል አልጋው ላይ ቀዳው፣ እሁድ ማታ ሲተላለፍ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ሰማው፣ ሳይነጋ አረፈ። 83 አመቱ ነበር። ይሄን ስሰማ መኪና አቁሜ ነው ያለቀስኩት።

ዳያን ሬም አለች። ወላጆቿ አረብ ስደተኞች፣ ኮሌጅ አልገባችም፣ በ1973 የመጣችው በነፃ ለማገልገል ነው፣ በ1979 የጠዋቱን ውይይት ተረከበች። በ1998 የጉሮሮ በሽታ አለባት ተባለ፣ ድምፅ የሚያንቅና የሚያንቀጠቅጥ፣ ህክምናው በመርፌ የድምፅ አውታሯ ላይ ነው። በዛ በሚቆራረጥ፣ ቀስ በሚል ድምፅ ሌላ 18 አመት ሰራች፣ በመላ አገሪቱ በሳምንት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሰማት ነበር፣ እስከ 2016 መጨረሻ። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሷ ነው ማለት እችላለሁ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ስለምትናገር ለጀማሪ ጆሮ ትመቻለች።

ከሁሉም ግን ኮጆ ናምዲ። ተወልዶ ያደገው ደቡብ አሜሪካ፣ ጋያና ነው፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ላይ ሰርቶ በ1998 ወደ 88.5 መጣ፣ እስከ 2021 ድረስ የቀትሩ ሰዓት የሱ ነበር፣ ከዛ በኋላም የአርቡን የፖለቲካ ሰዓት ቀጠለ። የትምህርት ቤት ጉዳይ፣ የቤት ኪራይ፣ የፖሊስ፣ ሁሉንም የከተማውን ሰው እያስገባ ያወያያል። በ2008 የታክሲ ሂሳብ ከዞን (ከተማውን በክልል ከፍሎ ከሚቆረጥ ዋጋ) ወደ ሜትር ሲቀየር ሁላችንም እንደተጨነቅን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን ሰሞን 14ኛ መንገድ ላይ ጥጌን ይዤ ቁጥሩን ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ስሜንና ምን ማለት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፣ ሬዲዮህን ዝጋው አለችኝ፣ ከዛ እጄ እያላበው ጠበቅኩ፣ ዞን ለምን ለሹፌሩም ለአሮጊቷ ተሳፋሪም እንደሚሻል አንድ ደቂቃ የማይሞላ ተናገርኩ። ማንም ምን አልክ አላለኝም። አወያዩ ራሱ በሰው አገር ዘዬ ነው የሚያወራው፣ የሚደውለውም እንደዛው ሳልቫዶሩም ናይጄሪያውም አለ። ሜትሩ እንደሆነ አልቀረም፣ እኔ ግን ከዛን ቀን ወዲህ ስልክ ላይ እንግሊዝኛ ፈርቼ አላውቅም።

ስለ ገንዘቡም ልበል። በአመት ጥቂት ጊዜ ፕሮግራም እያቋረጡ አዋጡ ይላሉ፣ አዲስ የመጣ ሰው ልመና ይመስለዋል፣ የሚኖሩት ግን በሱ ነው፣ ልክ እንደ እቁብና እድር አባላቱ በወር 5ም 10ም ዶላር ይሰጣሉ። እኔ ካሽ ባይኖረኝ አሮጌ መኪናዬን ሰጠሁ፣ ጎታች መኪና መጥቶ በነፃ ወሰዳት። በ2025 ሐምሌ ኮንግረስ ለፐብሊክ ሬዲዮና ቲቪ የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ፣ ስለዚህ አሁን ይበልጥ በአድማጭ እጅ ነው ያለው። ይሄ ጣቢያም ቢሆን ሁሌ ደግ አይደለም፣ በ2018 የያዘውን ዲሲስት የሚባል የአካባቢ ዜና ድረገፅ በ2024 ዘግቶ ጋዜጠኞቹን አሰናብቷል፣ እኔ እስካሁን ያናድደኛል፣ የሰፈር ዜና የምናነብበት ነበርና።

— ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ጥያቄውን የፃፍኩት እኔ ነኝ። እኔ መኪና የለኝም፣ ነርሲንግ ሆም ነው የምሰራው፣ ማታ ነው የምገባው። በስልክ ይሆናል? ደግሞ የትኛው ሰዓት ይሻለኛል ለጀማሪ?

— ይሆናል እህቴ፣ በስልክ በነፃ ነው፣ አፑን ጫኚው። ጠዋት ከስራ ስትወጪ ባስ ላይ ዜናውን ስሚ፣ ሁሉን ልረዳ ብለሽ አትጨነቂ፣ በቀን 3 ቃል ያዢ። አርብ ቀትር ላይ ደግሞ የከተማውን ፖለቲካ። እሁድ ማታ 1 ሰዓት፣ በነሱ 7 ማለት ነው፣ ያ ኤድ ዎከር ይሰራው የነበረው የድሮ ድራማ ፕሮግራም ዛሬም በሌላ ሰው አለ፣ የድሮ ተዋንያን ቃሉን ጥርት አድርገው ነው የሚናገሩት። የምትጠብቂያቸው አሮጊቶች ልጅ ሆነው የሰሙት ነው፣ አንዷ ክፍል ውስጥ ክፈችላት እስቲ፣ እሷ ራሷ ታወራሻለች።