ትልቁ መንቀጥቀጥ አለፈ፤ ተከታዮቹ መቼ ነው የሚያቆሙት?

ጥያቄ፦ ከ«እንቅልፍ አጣሁ»

ሰላም ለሁላችሁ። ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ ሳምንታት ሆኑት። ቤታችን አልፈረሰም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። መሬቱ ግን አርፎ አልተቀመጠም። ትናንት ሌሊትም ብርጭቆዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ እርስ በርስ ሲንኳኩ ባንኜ ነቃሁ። ከባድ መኪና በመንገድ ሲያልፍ እንኳ ልቤ ስንጥቅ ይላል። ባለቤቴ «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ይለኛል፤ እሱ ራሱ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው።

ከመንቀጥቀጡ የባሰ ያደከመኝ ወሬው ነው። አንዷ ጎረቤቴ «ትንንሾቹ መምጣታቸው ጥሩ ነው፣ ኃይሉን ያስተነፍሱታል» ትላለች። ሌላው ጨረቃ ስትሞላ ትልቁ ይመጣል ብሎ ቀን ቆርጧል። ቴሌግራም ላይ ሰዓት ጭምር የጠቀሰ መልእክት ይዞራል። የተቆፈረው ጉድጓድ ነው የሚል አለ፣ የጦር መሣሪያ ሙከራ ነው የሚል አለ፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው የሚልም አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነትነት ያለው የትኛው ነው? መቼስ ነው የሚያቆመው? ቤት ውስጥ መተኛት እንችላለን? ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ከ«አለት አጥኚ»

እህቴ፣ እንኳን ከክፉ ተረፋችሁ። የሚያቆምበትን ቀን ቆርጦ የሚነግርሽ የለም። እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይታወቃል። ፉሳኪቺ ኦሞሪ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1894 የደረሰበት ነው። የተከታዮቹ ቁጥር ቀኑ በጨመረ ልክ እየተካፈለ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን 100 ከነበሩ፣ በ10ኛው ቀን ወደ 10፣ በ100ኛው ቀን ወደ 1 ይጠጋሉ። ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል፤ መልኩ ግን ይኸው ነው። ኦሞሪ ካጠናቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1891 በጃፓን ኖቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ነው። የሱ ተከታዮች ከመቶ ዓመት በኋላም በመሣሪያ ይመዘገቡ ነበር። እንዲህ የዘገዩትን አብዛኞቹን ሰው አይሰማቸውም።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚቀንሰው ብዛታቸው እንጂ መጠናቸው አይደለም። ከወር በኋላ የሚመጣ አንድ ተከታይ ካለፉት ተከታዮች ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። «በቃ አለቀ» ተብሎ ልብ ሲያርፍ ይመጣና ሰፈሩን ሁሉ ደጅ ያወጣዋል። ያ ማለት ነገሩ እንደ አዲስ ጀመረ ማለት አይደለም።

ለምን ይመጣሉ ላልሽው፣ ከመሬት በታች ያለው ስንጥቅ ሲንሸራተት ጭነቱ በሙሉ አይራገፍም። ሸክም በጋራ ከያዙት ሰዎች አንዱ ሲለቅ ክብደቱ ወደ ቀሪዎቹ ትከሻ እንደሚዞረው፣ አጠገቡ ያሉት ስንጥቆች ላይ ይጫናል። እነሱም በተራቸው ይለቃሉ።

በመንቀጥቀጥ መጠን መለኪያ ትልቁ ተከታይ በአማካይ ከዋናው በ1.2 ያህል ያንሳል። ዋናው 7 ከሆነ ትልቁ ተከታይ 5.8 አካባቢ ነው። አማካይ ነው ግን። ኔፓል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2015 በ7.8 ተመታች፤ ሜይ 12 ላይ 7.3 ተከተለ። አንዳንዴ ደግሞ ዋናው የተባለው ቀዳሚ ሆኖ ይገኛል። የጃፓኗ ኩማሞቶ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2016 በ6.2 ተመትታ ሰው ፍርስራሽ ሲያነሳ፣ በሁለተኛው ቀን 7.0 መጣ። ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ዕድሉ ከመቶ 5 ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። እናንተ ያንን ሳምንት አልፋችሁታል።

መልስ፦ ከ«ደብተር ያዥ»

የጎረቤትሽ «ያስተነፍሰዋል» የሚለው ነገር ከሁሉም ወሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ምክንያቱም ጥሩ ወሬ ይመስላል። መጠኑ በ1 በጨመረ ቁጥር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል ያድጋል። በ2 ሲጨምር አንድ ሺህ እጥፍ ነው። እንግዲህ የአንድ 7ን ኃይል በትንንሹ ለማስተንፈስ፣ 5 የሆኑት አንድ ሺህ፣ 3 የሆኑት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ያስፈልጋሉ። ያን ያህል የመጣበት ቦታ የለም።

ጣሊያን ውስጥ ላኩዊላ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጦች ስትታመስ ከረመች። አንድ የሲቪል መከላከያ ባለሥልጣን ኃይሉ እየወጣ ስለሆነ ነገሩ ደግ ምልክት ነው የሚል ነገር በቴሌቪዥን ተናገረ። የከተማው ሰው ከአያቶቹ የወረሰው ልማድ ነበረው፦ ሲነቃነቅ ሌሊትም ቢሆን ወጥቶ አደባባይ ማደር። ኤፕሪል 6 ሌሊት ላይ ከትልቁ በፊት ሲነቃነቅ ግን፣ አንዳንዱ ቤተሰብ የተባለውን አምኖ አልጋው ላይ ቀረ። 6.3 መጣ። 309 ሰው ሞተ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አብረው የተከሰሱት ስድስት ሳይንቲስቶች በይግባኝ ነፃ ሲወጡ፣ የባለሥልጣኑ ጥፋተኝነት ግን ቅጣቱ ተቀንሶ ጸና።

ጨረቃን በተመለከተ፣ ጨርሶ ከንቱ ነው አልልም። የጨረቃ ስበት መሬትንም በጥቂቱ ይስባል፤ አንዳንድ ጥናቶች ትንሽ ተጽዕኖ አግኝተዋል። ግን ቀን ለመቁረጥ አይበቃም። የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች በተከታዮች ስትናጥ፣ አንድ ጨረቃ አንባቢ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2011 ትልቅ ነገር ይመጣል አለ። ከተማዋን ለቀው የሄዱ ነበሩ። ያን ምሽት 5 አካባቢ የሆነ ተከታይ መጣ፣ «አላልናችሁም!» ተባለ። ዘዴው እዚህ ጋ ነው። በየጊዜው በሚንቀጠቀጥ ከተማ ማንኛውንም ቀን ብትጠሪ የሆነ ነገር አይጠፋም። የቴሌግራሙንም በዚሁ ለኪው። የት፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚሉትን ሦስቱን ለይቶ ትልቅ መንቀጥቀጥ አስቀድሞ የሚናገር ሳይንሳዊ ዘዴ እስካሁን የለም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1975 የሃይቼንግን ሕዝብ ቀድማ አስወጣች፤ በዋናነት የረዳት ቀድመው የመጡት ትንንሾቹ ናቸው። በዓመቱ ታንግሻን ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ወደመች፣ በይፋ የተነገረው የሟች ቁጥር 242 ሺህ ነው።

መልስ፦ ከ«ሁሉን ጠርጥር»

ሁሉንም ወሬ አንድ ላይ ጠቅልላችሁ አትጣሉት እንጂ። ሰው መሬት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። አሜሪካ ዴንቨር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወታደራዊ ፋብሪካ ፍሳሽ በጥልቅ ጉድጓድ ሲጨመር ከተማዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ኦክላሆማ ውስጥ ከነዳጅ ጋር የሚወጣውን ቆሻሻ ውኃ መልሶ ወደ መሬት መጨመር እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 5.8 አድርሷል። ሕንድ ውስጥም ኮይና ግድብ ውኃ ከያዘ በኋላ አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1967 በ6.3 ተንቀጥቅጧል።

መልስ፦ ከ«አለት አጥኚ»

ልክ ነህ። ግን ጥያቄው ሁሌም «እዚህስ?» ነው። በአካባቢው ፈሳሽ የሚጨመርበት ጉድጓድ አለ ወይ? ጥልቀቱና ጊዜው ይገጥማል ወይ? ከተፈጥሮም ቢሆን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የነበረውን አስታውሱ። እዚያ አንድ ትልቅ መጥቶ ተከታዮች እየቀነሱ የሄዱበት አልነበረም። ቅልጥ አለት ከመሬት ውስጥ እየሰነጠቀ ሲገባ፣ ከ5 በላይ የሆኑ በርካቶች አንዱ ካንዱ ሳይርቅ መጡ። እንዲህ ላለው የኦሞሪ ስሌት በቀጥታ አይሠራም። የጦር መሣሪያ የሚለውን ግን ተወው። የኑክሌር ፍንዳታ እንኳ በመሣሪያ ላይ የሚተወው መስመር ከመንቀጥቀጥ ተለይቶ ይታወቃል።

መልስ፦ ከ«ዕድሜ ጠገብ»

ልጄ፣ ቁጣ ነው የሚሉሽን አትከራከሪያቸው፤ የፈራ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ሊዝበን እ.ኤ.አ. በ1755 ስትወድም ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር። ብዙ ሰው የሞተው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየጸለየ ሳለ ነው። ጣሪያው ጻድቁን ከኃጥኡ አይለይም። ጸልዪ፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አሳስሪው።

መልስ፦ ከ«ብረትና ሲሚንቶ»

ስለ ቤቱ ልመልስልዎ፤ ሥራዬ ነው። ቀለምና ልስን ላይ ያለ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ አያስፈራም። እኔ ቀድሜ የማየው ኮለኖቹን፣ ማለትም ቤቱን የተሸከሙትን ቋሚ ምሰሶዎች ነው፤ በተለይ አግድም ከሚሄደው ቢም ጋር የሚገናኙበትን ቦታ። ኮንክሪቱ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ ወይም ኮለን ላይ አግድም የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ ባለሙያ አይቶ እስኪፈቅድ እዚያ ቤት አይደር። የብሎኬት ግድግዳ ላይ ኤክስ ሠርቶ የተሰነጠቀም ቀላል አይደለም፤ በሚቀጥለው ንዝረት በላይዎ ሊወርድ ይችላል። ትናንት በደንብ ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ከነከሰ ቤቱ ቅርጹን ለውጧል ማለት ነው።

ስንጥቁ እያደገ መሆኑን ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫፍና ጫፉ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር ያስምሩ፣ አጠገቡ ቀኑን ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጠንካራ ንዝረት በኋላ ይመልከቱት። መስመሩን አልፎ ከሄደ መልሱን አገኙ። የጋዝ ሽታ ካለ መብራት አያብሩ፤ ቫልቩን ይዝጉና ይውጡ።

ሲነቃነቅ በር ሥር መቆም የሚባለው የድሮ ምክር ነው፤ የዛሬ በር ከግድግዳው የበለጠ ጥንካሬ የለውም። ዝቅ ይበሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፣ እግሩን አጥብቀው ይያዙ። ከፎቅ እየሮጡ መውረድ አይሞከርም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲሮጥ ወድቆ ወይም በሚወርድ ዕቃ ተመትቶ ነው። ቤቱ ከጭቃ ወይም ካልተጠናከረ ድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያውም ከባድ ከሆነና እርስዎ ምድር ቤት በሩ አጠገብ ካሉ ግን መውጣቱ ይሻላል።

መልስ፦ ከ«ነርሷ»

እህቴ፣ ሳይነቃነቅ የተነቃነቀ እየመሰለሽ ከሆነ አላበድሽም። ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮሽ ገና ዘብ ላይ ነው፤ ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ በጣም የተለመደ ነው። ግማሽ ድረስ ውኃ ያለው ጠርሙስ ከአልጋሽ አጠገብ አስቀምጪ። ስትደነግጪ ውኃውን እዪው። ውኃው ካልተንቀሳቀሰ መሬቱ አልነበረም፤ ተኚ።

ጫማና ባትሪ ከአልጋው ሥር ይኑሩ። አልጋው ከመስኮት ይራቅ፣ ከራስጌው በላይ የተሰቀለ ነገር ይውረድ። ይህን ካደረግሽ በኋላ ሌሊት ስልክ እያነሱ «ስንት ነበር?» ማለት ይቅርብሽ፤ እንቅልፍ የሚገድለው እሱ ነው። ለልጆቹ «ከእንግዲህ አይመጣም» አትበያቸው። ቢመጣ ሌላውንም ቃልሽን አያምኑም። «ይመጣል፣ ያልፋል፣ ሲመጣ እንዲህ እናደርጋለን» በያቸውና በቀን ተለማመዱት። ትልቁ ልጅ ባትሪ ያዥ ይሁን፤ ሥራ ያለው ልጅ ፍርሃቱ ይቀላል። ከወር በኋላም ሌሊት ሌሊት ያ ቀን እየተመላለሰ የሚያስጮህሽ ከሆነ ወይም ቤት መግባት ካቃተሽ ሐኪም አማክሪ። ባልሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ ጫማውን አድርጎ የሚተኛ ሰው እሱም ፈርቷል።

ከ«እንቅልፍ አጣሁ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እርሳስ ይዤ ቤቱን ዞርኩት። ኮለኖቹ ላይ ምንም የለም። ግን ደረጃው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ድሮም ይኑር አይኑር አላስታውስም።

መልስ፦ ከ«ብረትና ሲሚንቶ»

ጣት የሚያስገባ ከሆነ ሳይታይ አይቀመጥም። ጠርዙን ይመልከቱት፦ ውስጡ ንጹሕና ነጣ ያለ ከሆነ አዲስ ነው፤ አቧራ፣ የሸረሪት ድር ወይም የቀለም ጠብታ ካለው የቆየ ነው። በመብራት ከላይም ከታችም ፎቶ አንሡና መሐንዲስ ይጥሩ። አይቶ እስኪነግርዎ ድረስ ሁላችሁም ታች ተኙ፤ ልጆቹም ከደረጃው ሥር አይጫወቱ።