በረሃ ላይ ከፊት ሆኖ መምራት፦ ምን ጎደለኝ?

የጣና ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? ባሕር ዳር ላይ ቱሪስት በላንድክሩዘር ስነዳ ስድስት ዓመቴ ነው። ዳናኪል ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የፊተኛውን አቧራ እየዋጥኩ። አሁን በጥር ወር ለሚወርዱት አምስት መኪኖች አንተ ምራ ተባልኩ። እሑድ ለልምምድ ብዬ ሦስት ጓደኞቼን በአፈሩ መንገድ ወደ ዘጌ ይዣቸው ወጣሁ። መገንጠያው ላይ ታጠፍኩ፣ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ አራተኛውም ተከተለው። ያወቅሁት ሐይቁ ዳር ቡና ካዘዝኩ በኋላ ነው። ጂፒኤስ አለኝ፣ መንገዱም ተጭኗል። ምን ጎደለኝ?

አሮጌው ሾፌር፦
ስፖኪዮ ነው የጎደለህ ልጄ። መንገዱንማ ጂፒኤሱ ያውቀዋል። በእኛ ጊዜ ሬዲዮ እንኳ ሳይኖር የምንሠራው እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዱ ሾፌር ተጠያቂነቱ ከኋላው ላለው ነው። ከኋላህ ያለው ከጠፋህ ቁም። አንተ ስትቆም የፊትህ ያጣሃል፣ እሱም ይቆማል፤ እንዲህ እያለ መሪው ጋ ይደርሳል። መገንጠያ ላይ ደግሞ ተከታይህ ሲታጠፍ በዓይንህ ሳታይ ንቅንቅ እንዳትል። ጎበዙን ሾፌር መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ገመዱና አካፋው እሱ ጋ ይሁን። የሚሰምጠው መቼም ከፊቱ ነው።

ዳናኪል ስትደርስ፣ አሳሌ የጨው ሜዳ ላይ የቆየውን የመኪና ዱካ አትልቀቅ። ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ረጠብ ካለ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ የፎገራን መረሬ በክረምት አስበው። አፋሩ መንገድ መሪ «በዚህ» ካለህ ስልክህን ኪስህ ክተት።

ጎሚስታው፦
ጎማ እዚህ ሞልተህ እንዳትተማመን። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እዚህ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያው) ያነበብከው ጎማው ሳይሞቅ እዚያ 32 አካባቢ ያሳይሃል። ሙቀቱ መልሶ ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ጠዋት በቀዝቃዛው ለካ። አሸዋ ላይ እስከ 18 አውርድ። ወደ ኤርታሌ ጥቁሩ ድንጋይ ሳትገባ ግን መልሰህ ሙላ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑን ይቀደዳል።

ቀያሽ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የድሮዎቹ 1፡50,000 ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (የቦታ ነጥብ የሚለካበት መነሻ ሥርዓት) የተሠሩ ናቸው፣ ጂፒኤስህ ግን ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ነው። ነጥቡን እንዳለ ከካርታ ብትገለብጥ 200 ሜትር ገደማ ትስታለህ። ዘጌ ላይ ብትስት የሰው ቡና ውስጥ ነው የምትገባው። አሳሌ ላይ ግን ጭቃ ውስጥ።

የጣና ልጅ፦
ቀያሽ፣ ነጥቦቹን የገለበጥኳቸው ከካርታ ነው! ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ። ጋሼ፣ እሑድ እንደገና እንወጣለን፣ ያው መገንጠያ ላይ። ያ ቀጥ ብሎ የሄደው ጓደኛዬ መጨረሻ ልሁን ብሏል። ጎበዙ ግን እሱ አይደለም፤ እንዴት አድርጌ ልንገረው?

አሮጌው ሾፌር፦
ሁለተኛ አድርገው። ስፖኪዮህ ውስጥ ይኑር።