ልጀምር ወይስ ልጠብቅ? ምክራችሁን እሻለሁ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልብስ ስፌት ተምሬያለሁ፤ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር አለኝ፤ ኦቨርሎክ የሚባለው የጠርዝ መስፊያ ማሽን ግን የለኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ የጨርቁ ጠርዝ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይተረተራል። ሕልሜ የተማሪዎች ዩኒፎርም የምሰፋበት ሱቅ መክፈት ነው። ሰፈራችን በልጆች የተሞላ ነው። ትምህርት መስከረም ላይ ስለሚጀመር ሥራው የሚጎርፈው ነሐሴ ላይ ነው፤ ያ ወር ካመለጠ ዓመቱ አመለጠ ማለት ነው።

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ «ካፒታል ሳይሟላ መጀመር ብዙ ሰው ያከሰረ ስህተት ነው፤ ዕቁቡ እስኪደርስሽ ታገሺ» ይለኛል። እኅቴ ደግሞ «ሰውን ከሕልሙ የሚያስቀረው ሁሉም እስኪሟላ መጠበቁ ነው» ትላለች። ሁለቱም ለእኔ አስበው ነው የሚናገሩት፤ እኔም የሁለቱን ቃል መጣል አልቻልኩም። አከራዮች የብዙ ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ ያን ከከፈልኩ ከመርካቶ ጨርቅ የማመጣበት አይተርፈኝም። ቤቴ ልስፋ ብል አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ወጥቶ ያገኘኛል? ብድርም ዋስ ይፈልጋል፤ ዘመድ በእኔ ምክንያት እንዲጨነቅ አልፈልግም።

እባካችሁ፣ በትንሹ የጀመራችሁ፣ ከሱቅና ከማሽን የቱን አስቀደማችሁ? ጀምራችሁ የተሰናከላችሁም ምክንያቱን ሳትደብቁ ንገሩኝ፤ እኔን የሚጠቅመኝ እሱ ነው። ከወላጆች ቀብድ ተቀብሎ ጨርቁን በዚያ መግዛትስ ያዋጣል? ሰኔ እየተጋመሰ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።