የደም ግፊት ሲጨምር ነርቩ ይጮኻል፤ ታዲያ ልብ ለምን ይዘገያል?

ሕሊና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚዮሎጂ እያጠናሁ እዚህ ጋ ሦስት ቀን ተገትሬያለሁ። አንገት ላይ ባለው የካሮቲድ ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ባሮሪሴፕተር የሚባሉ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊት ሲጨምር ግድግዳው ይለጠጣል፣ እነሱም ወደ አንጎል ግንድ ምልክት ያዥጎደጉዳሉ። እስከዚህ ገብቶኛል። ግን ምልክቱ የአንጎል ግንዱን ሴሎች የሚቀሰቅስ ከሆነ ልብ እንዴት ይዘገያል? ስዕሉን ደጋግሜ ሳልኩት፣ ቀስቶቹ እምቢ አሉኝ።

የፊዚዮሎጂ መምህር፦
እህቴ፣ ስዕልሽ ላይ የጎደለው አንድ ሴል ነው። ምልክቱ በ9ኛው የራስ ነርቭ (ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ የሚመጣው ደግሞ በ10ኛው፣ በቬገስ) ሜዱላ፣ ማለትም የአንጎል ግንዱ ታችኛው ክፍል ይገባል። ኤንቲኤስ የሚባል የሴሎች ስብስብ ይቀበለዋል። እዚያ ግሉታሜት የሚባል ቀስቃሽ ኬሚካል ይለቀቅና ሴሎቹ ይነቃሉ። መንገዱ እዚህ ይከፈላል። አንዱ ወደ ቬገስ ሴሎች ሄዶ ልብን ያዘገማል። ሌላው እዚያው ሜዱላ ውስጥ ጋባ የሚባል አረጋጊ ኬሚካል የሚለቁ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። የእነዚህ ሥራ ደግሞ ጎረቤታቸውን ዝም ማሰኘት ነው። ጎረቤቱ አርቪኤልኤም ይባላል፤ የደም ስሮችን አጥብቦ የሚይዘውን የሲምፓቴቲክ (ሰውነትን የሚያነቃቃው የነርቭ ክፍል) ትእዛዝ ሳያቋርጥ የሚያወርደው እሱ ነው። እሱ ዝም ሲል ስሮቹ ይላላሉ፣ ግፊትም ይወርዳል።

ተማሪ ሳለሁ የዚህን ነርቭ ምልክት በድምፅ ማጉያ ሰምቼዋለሁ። ልብ በመታ ቁጥር ሽሽ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ግፊቱ ከፍ ሲል ሽሽታው ይረዝማል። ያን ቀን ነው ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው።

ዮናስ፦
መምህር፣ ታዲያ ከአልጋ ብድግ ስል ዓይኔ የሚጨልምብኝ ለምንድን ነው?

የፊዚዮሎጂ መምህር፦
ስትቆም ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ ታች ይወርዳል። የካሮቲዱ ግፊት ይቀንሳል፣ ግድግዳው ይላላል፣ ሽሽታው ያጥራል። ለአንጎል ግንድ የምልክቱ መቀነስ ራሱ መልእክት ነው። ጋባ የሚለቁት ሴሎች ይዳከማሉ፣ አርቪኤልኤም ይለቀቃል፣ ስሮች ይጠባሉ፣ ልብ ይፈጥናል። ይህ እስኪሆን ጥቂት ሰከንድ ያልፋል፤ የሚጨልምብህ በዚያች መሃል ነው። ግን ከተደጋገመ ወይም ከወደቅህ ሐኪም ይይህ።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ አደራ። ይህን አንብባችሁ አንገታችሁን በመጫን እንዳትሞክሩት። ሁለቱን ጎን አንድ ላይ መጫን ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ልብ ከልክ በላይ ሊዘገይ፣ ሰው ሊወድቅ ይችላል።

ሕሊና፦
መምህር፣ አሁን ቀስቶቹ ገጠሙ! ጋባውን በቀይ ጻፍኩት።