የላይቺ ፒዩሬ ውሃ እንዳይሆንብኝ ምን ላድርግ?

የፍራንክፈርቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የልጄ ልደት ስለሆነ መሃሉ ላይቺ (ልጣጩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ የሆነው የእስያ ፍሬ) የገባበት ኬክ ልሠራ ነው። ግማሽ ኪሎ ፒዩሬ፣ ማለትም ፈጭተው ያላሙት ፍሬ፣ ያስፈልገኛል፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ዋጋው አይቀመስም። ሰሞኑን ትኩሱም ገበያ ወጥቷል፣ የእስያ ሱቅ ደግሞ የጣሳው አለ። የትኛው ይሻላል? ይብሰል ወይስ ጥሬውን ይፈጭ? ግማሾቹ እንግዶች የነቢያትን ጾም ስለሚጾሙ ከእንስሳት የሚሠራውን ማርጊያ፣ ጀላቲን፣ አልፈልግም።

ሙያ በልብ፦ እህቴ፣ የጣሳውን ግዢና ተገላገይ። ትኩሱን ስትልጪና ዘሩን ስታወጪ ግማሽ ቀንሽ ይሄዳል። ጣሳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ክብደት ግን አትመኚው፣ ብዙው የስኳር ውሃ ነው። ፈሳሹ ሲወጣ የሚቀረው ለብቻው ተጽፏል፤ እሱን ደምረሽ 600 ግራም አካባቢ ያዢ፣ ሲጠለል ይቀንሳል። ማጥለያ ላይ አድርገሽ በደንብ ይንጠፍጠፍ። የስኳር ውሃውን እንዳትደፊው። ከመፍጨትሽ በፊት አንድ በአንድ ገለጥ አድርገሽ እይ፤ ዘሩ የነበረበት ጎድጓዳ ላይ ቡናማ ሽፋን ተለጥፎ ይቀራል። መልኩን የሚያበላሸውና ምላስ የሚይዘው እሱ ስለሆነ በቢላ ጫፍ አንሺው።

ኬክ ጋጋሪ፦ ለኬክ ከሆነ እኔ ትኩሱን ነው የምመርጠው፤ የጣሳው ጣፋጭ ነው እንጂ መዓዛው የለም። ከአንድ ኪሎ ወደ 600 ግራም የሚበላ ይወጣል፣ ስለዚህ ኪሎ ከሩብ ይበቃሻል። ልጠሽ እንደጨረስሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ እንዳይጠቁር። በብሌንደር ፈጭተሽ በደቃቅ ወንፊት አጥልዪው። በምንም ዓይነት እንዳታፈዪው፤ ሽታው ይጠፋል፣ ብዙ ከቆየማ ወደ ሮዝ ይለወጣል።

ውሃ መሆኑ የላይቺ ጠባይ ነው። ለግማሽ ኪሎ 4 ግራም የአጋር ዱቄት (ከባሕር አረም የሚሠራ የጾም ማርጊያ) ውሰጂ። በአንድ ሲኒ የስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጠሽ ሁለት ደቂቃ አንተክትኪውና ፒዩሬው ላይ እያማሰልሽ ጨምሪ። ፒዩሬው አስቀድሞ ለጣት ሞቅ ይበል። ከፍሪጅ እንደወጣ ከሆነ አጋሩ ወዲያው ይጓጉልና በየቦታው ጓል ይሆናል፤ ብዙ ሰው «አጋር አልሠራልኝም» የሚለው በዚህ ነው።

የፍራንክፈርቷ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ትኩሱን አይቼው ልጣጩ ቢጫ ቢጤ ነው፣ ቀይ አይደለም። ያልበሰለ ይሆን?

ሙያ በልብ፦ አይደለም። በዚህ ወቅት አውሮፓ የሚገባው በአብዛኛው የማዳጋስካር ነው። በመርከብ የሚመጣው እንዳይበላሽ በሰልፈር ጭስ ይታጠናል፣ ቀዩን የሚያነጣው እሱ ነው። አጥበሽ ላጪው። አስም ያለበት እንግዳ ካለ ግን ንገሪው፣ ሰልፈር የሚቀሰቅስባቸው አሉ።

ነርሷ፦ የልጆች ልደት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ዘሩ መርዝነት ስላለው አብሮ እንዳይፈጭ። ልጆቹም በባዶ ሆዳቸው ላይቺ እየላጡ እንዳይጠግቡ። ሕንድ ውስጥ ሙዛፋርፑር በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርመራ፣ ላይቺ በልተው ያለ እራት ያደሩ ሕፃናት የደም ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ተገኝቷል፤ የሞቱም ነበሩ። ያልበሰለው ይብሳል። ምግብ የበላ ልጅ በኬክ ውስጥ ቢቀምስ ግን ምንም አይሆንም።

ኬክ ጋጋሪ፦ የተረፈውን ፒዩሬ በበረዶ መሥሪያ ትሪ ላይ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ። ሲቀልጥ ውሃውና ወፍራሙ ስለሚለያይ ደግመሽ ምቺው። የጣሳውን የስኳር ውሃ ደግሞ በሎሚ አቅጥነሽ ኬኩን አርሺበት።