ከክትባት በኋላ ግራ ጆሮዬ በድንገት መስማት አቆመ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ዕድሜዬ 46። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በወሰድኩ በ4ኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። እንደ ልማዴ ግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ጭጭ። ኔትወርክ መስሎኝ "ሄሎ! ሄሎ!" እላለሁ። ወደ ቀኝ ሳዞረው እህቴ "ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?" ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ግራው ውስጥ ያለው እንደ አሮጌ ፍሪጅ እዝዝ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ "ኩክ ነው" ብሎ ጠብታ ሰጠኝ፤ 6 ቀን በከንቱ አለፈ። (እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።) የጆሮ ስፔሻሊስቷ የመስማት ምርመራ አድርጋ "ነርቭ ነው" አለች፤ ግራው ከ65 ዴሲቤል በታች ያለ ድምፅ አይሰማም። ኤምአርአይ ሰላም ነው። ፕሬድኒሶን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን በቀን 60 ሚሊግራም ለ10 ቀን ዋጥኩ፤ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

"ክትባቱ ይሆን?" ስላት፣ መገጣጠምም ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ሰው ማረጋገጥ አይቻልም አለችኝ። እኔም ልምል አልችልም። ለማንኛውም ለቫኤርስ (ከክትባት በኋላ የታየ ችግር ለሚመዘገብበት የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓት) ሪፖርቱን ራሴ ሞልቼ ልኬያለሁ።

አሁን 4ኛ ሳምንቴ ነው። በጆሮ ታምቡር በኩል የሚሰጠውን የስቴሮይድ መርፌ እንሞክር ብላኛለች። ይህን ያህል ዘግይታችሁ የተወጋችሁ ካላችሁ፣ ከስንተኛው መርፌ በኋላ ነው ለውጥ ያያችሁት?