የራሴን የፓይተን ፋይሎች ብራውዘር ውስጥ ላለው ፓዮዳይድ እንዴት ላቀብለው?

ጠመኔ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። በክፍላችን ኮምፒውተሮች ላይ ምንም መጫን ስለማይፈቀድ ተማሪዎቼ የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን በብራውዘር እንዲማሩ ፓዮዳይድን (ያለ መጫን ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ፓይተን) መረጥሁ። ጥቂት መስመር ኮድ ገጹ ላይ ሲጻፍ ያለ እንከን ይሠራል። ያስቸገረኝ የራሴ ፕሮግራም ነው። የተማሪ ውጤት ያሰላል፤ ሦስት ፋይሎች አሉት፤ «ዋና»፣ «ማስያ» እና «መዝገብ» ብያቸዋለሁ። (ፓይተን በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም መቀበሉን ያዩ ዕለት ልጆቹ እንዴት እንደተደሰቱ!) ሦስቱን ዚፕ አድርጌ ከገጹ ጎን አስቀመጥሁ። ገጹን ከፎልደሩ ስከፍተው ግን «ፌይልድ ቱ ፌች» (ማምጣት አልተቻለም) ይለኛል። ፋይሉ እኮ እዚያው አጠገቡ ነው።

ሽቦ፦
መምህር፣ የአድራሻውን መስመር ይመልከቱ። በ«ፋይል» የሚጀምር ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ከዲስክ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ጎረቤቱ ያሉትን ፋይሎች እንዳያነብ ብራውዘሩ ይከለክላል፤ አለዚያ ከኢንተርኔት ያወረዱት ማንኛውም ገጽ ሰነድዎን ይበረብር ነበር። ፓዮዳይድ ራሱ ከኢንተርኔት ስለሚመጣ ክልከላው አልነካውም፤ ለዚህ ነው ግማሹ ሠርቶ ግማሹ እምቢ ያለዎት።

ፓይተን ባለበት በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ፣ ፎልደሩ ውስጥ ሆነው፣ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን «ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር» የተባለ ሞጁል (ፋይሎችን ለብራውዘር የሚያቀብል) ያስነሡ። ከዚያ በብራውዘሩ ሎካልሆስትን (የራስዎን ኮምፒውተር አድራሻ) በ8000 ወደብ ይክፈቱ። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ ከእርስዎ ማሽን መውሰድ ይችላሉ።

ጠመኔ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያ ስሕተት ጠፋ። አሁን ደግሞ «ዋና»ን ኢምፖርት ሳደርግ (ወደ ፓይተን ሳስገባ) እንዲህ ያለ ሞጁል የለም ይላል። ዚፑን የፈታሁት «አንፓክ አርካይቭ» በሚለው ትእዛዝ ነው፤ እሱ አልተቃወመም።

ቀስ በቀስ፦
ከመገመት ማየት ይሻላል። ፓዮዳይድ የእርስዎን ዲስክ በራሱ አያየውም፤ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ የራሱ የፋይል ሥርዓት አለው። የሚሠራበት ፎልደር «ሆም» ሥር ያለው «ፓዮዳይድ» ሲሆን ዚፑም የሚፈታው እዚያ ነው። እዚያው ፓይተን ውስጥ «ሊስትዲር» ብለው ምን እንዳለ ያሳዩን።

ጠመኔ፦
«ውጤት» የሚል አንድ ፎልደር ብቻ።

ቀስ በቀስ፦
ጠርጥሬ ነበር። ፎልደሩን በሙሉ ዚፕ ስላደረጉት ፋይሎቹ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ፓይተን ደግሞ የሚፈልጋቸው ደጅ ላይ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ገብተው ሦስቱን ፋይሎች ብቻ መርጠው ዚፕ ያድርጉ። ወይም «ውጤት»ን «ሲስ ፓዝ» (ፓይተን ሞጁል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ይጨምሩ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ከዓመት በኋላ ያቺን የተጨመረች መስመር ማን ያስታውሳታል?

ፋይሎችን አንድ በአንድ በፓዮዳይድ የፋይል ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ሌላ ወጥመድ ይገጥመዋል፦ ፋይሉ ገብቶም ፓይተን አላየሁም ሊል ይችላል። ያኔ «ኢምፖርትሊብ» ውስጥ ያለውን «ኢንቫሊዴት ካሽስ» መጥራት ነው፤ ፓይተን ፎልደሩን እንደ አዲስ እንዲያይ ያደርገዋል።

ዊል ወዳድ፦
ለምን ዊል (የፓይተን ፕሮግራም ለመጫን ተዘጋጅቶ የሚታሸግበት ፋይል) አይሠሩትም? በማይክሮፒፕ፣ በፓዮዳይድ ጥቅል መጫኛ፣ በአንድ መስመር ይጫናል፤ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎችም አብሮ ያመጣል። በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ መሆን አለበት፤ ለዊንዶውስ በሲ የተገነባ ዊል እዚህ አይሠራም፣ ብራውዘሩ የሚያውቀው ዌብአሴምብሊን፣ ማለትም ለብራውዘር የተዘጋጀውን የማሽን ኮድ ዓይነት ነው። የፋይሉን ስም ደግሞ እንዳይቀይሩት፤ ማይክሮፒፕ ስሪቱን የሚያነበው ከስሙ ነው።

ሽቦ፦
ለሦስት ፋይል ዊል? ለአንድ ስኒ ቡና ጀበናውን በጋሪ እንደመጫን ነው። ፕሮግራሙ ሲያድግ ግን ልክ ነህ።

ጠመኔ፦
ዚፑን እንደገና ሠራሁት፤ ተነሣ! ግን «ማስያ»ን አርሜ ዚፑንም አድሼ እንደገና ብፈታው አሮጌውን ስሌት ይሰጠኛል። ደግሞ «መዝገብ» የሚጽፈው ፋይል ገጹ ሲታደስ ይጠፋል።

ቀስ በቀስ፦
አሮጌው ኮድ በሁለት ቦታ ይደበቃል። አንዱ ብራውዘሩ ያስቀመጠው የቀድሞ ዚፕ ነው፤ ዚፑን ፌች ሲያደርጉ (ሲያመጡ) «ኖ ስቶር» የሚለውን ምርጫ ይስጡት። ሁለተኛው ፓይተን ራሱ ነው፤ አንዴ ኢምፖርት ያደረገውን ሞጁል ተመልሶ አያነብም፣ ስለዚህ «ማስያ»ን «ሪሎድ» ያድርጉት (እንደገና እንዲያነበው)። «ዋና» ከ«ማስያ» ውስጥ አንድን ተግባር በስሙ ብቻ ነጥሎ ወስዶ ከሆነ «ዋና»ንም ሪሎድ ማድረግ ይኖርብዎታል። ቀላሉ መንገድ ገጹን ማደስ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል እንጂ አያደናግርም።

የመዝገቡ መጥፋት ግን ስሕተት አይደለም። ያ የፋይል ሥርዓት ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ከገጹ ጋር ይሄዳል። እንዲቆይ ከፈለጉ «አይዲቢኤፍኤስ» የተባለውን፣ ፋይሎችን ብራውዘሩ ማከማቻ ውስጥ የሚያስቀምጠውን የፋይል ሥርዓት፣ በአንድ ፎልደር ላይ ያያይዙና መዝገቡ እዚያ ይጻፍ። ገጹ ሲከፈት «ሲንክ ኤፍኤስ»ን «ትሩ» ብለው ይጥሩ፣ የተቀመጠውን ያመጣል፤ ከጻፉ በኋላ «ፎልስ» ብለው ይጥሩ፣ ያስቀምጣል። ሁለቱን አቀያይሬ የአንድ ቀን ሥራዬን አጥፍቻለሁና ልብ ይበሉ። የሚቀመጠውም በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ብራውዘር ብቻ ነው።

ጠመኔ፦
ሠራ። ነገ ክፍል ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ለእያንዳንዱ ልጅ ቋሚ መቀመጫ መመደብ ሊሆን ነው።